የኬላ ዕርቅ

አክስቴ ባለፈው ዓመት ስታርፍ የተወችው ንብረት ብዙ አልነበረም። አንድ የእንጨት ሳጥን፣ ጥቂት ቀሚስና ነጠላ፣ አንድ የብር መስቀል፣ ከእነዚህም ሌላ ለዓመታት ማንም እንዳይነካባት ስትከላከለው የኖረች አንድ የብስኩት ቆርቆሮ። ከአርባዋ በኋላ ዘመድ ተሰብስቦ ቆርቆሮው ሲከፈት የወጣው ወርቅም ገንዘብም አልነበረም፤ ወረቀት ነው። የዕድር ደብተር፣ የቤት ኪራይ ደረሰኞች፣ አንድ የባቡር ትኬት ቁራጭ፣ ከሥራቸውም ለአራት የታጠፈ አንድ ገጽ። እጥፋቱ ላይ ሊበጠስ የደረሰውን ያን ገጽ ዘርግቼ ሳነበው፣ ከልጅነቴ ጀምሮ ስሰማው ያደግሁት ታሪክ ማኅተም ተመትቶበት ከፊቴ ቁጭ አለ።

ታሪኩ እንዲህ ነው። አክስቴ ከድሬዳዋ በባቡር ጨርቅና ጫማ እያመጣች መርካቶ ለሚገኙ ቸርቻሪዎች የምታከፋፍል ነጋዴ ነበረች። በ1988 ዓ.ም. አንድ ቀን፣ ስሙን በማልጠራው አንድ ኬላ ላይ ጓዟ ተፈተሸ። ከጆንያዎቿ በአንደኛው ሥር ቀረጥ ስለመከፈሉ ማስረጃ የሌላቸው ሁለት ጣቃ ጨርቅና ስድስት ጥንድ ጫማ ተገኙ። የቀረው ዕቃ ሁሉ ደረሰኝ ነበረው። የተያዘው ግን ሁሉም ነው። ሌሊቱን ከጓዟ አጠገብ ተቀምጣ አነጋች። ጠዋት ሁለት መንገድ ቀረበላት፤ ወይ ክስ ይመሠረታል፣ ዕቃውም ፍርድ እስኪሰጥ ተይዞ ይቆያል፤ ወይ ጥፋቷን አምና የሚባለውን ከፍላ ነገሩ እዚያው ያልቃል። ሁለተኛውን መረጠች። የጆሮ ወርቋን አሽጣ 1,350 ብር ከፈለች፤ ዕቃዋንም፣ ሁለቱን ጣቃና ስድስቱን ጫማ ሲቀር፣ አስጭና መጣች።

ከዚያ ወዲያ ስለዚያ ቀን ሲነሣባት መልሷ ሁልጊዜ አንድ ነበር። «ከሰሱሽ እንዴ?» ሲሏት «አልተከሰስኩም፤ ታረቅሁ» ትላለች። «ከማን ጋር?» ሲሏት «ከመንግሥት ጋር» ትላለች። እኛ ልጆቹ በዚህ እንስቅ ነበር። ሽማግሌዎቹ እነማን ነበሩ? በጉንስ ማን አረደ? እሷም አብራን ትስቅና መጨረሻ ላይ ድምጿን ዝቅ አድርጋ አንዲት ጥያቄ ትጨምር ነበር፤ «ዕርቁስ ዕርቅ ነው ልጆቼ፤ ግን ቁጥሩን ማን አወጣው?»

ወረቀቱን ሳነብ ለዚህ ጥያቄዋ መልስ ፈለግሁ። ጥፋቷን በፈቃዷ ማመኗ፣ ገንዘቡን መክፈሏ፣ ወደፊት ክስም አቤቱታም እንደማታነሣ መስማማቷ ተጽፏል። ከግርጌው የአውራ ጣቷ አሻራ አለ። 1,350 የሚለው ቁጥር በፊደልም በአኃዝም ተመልክቷል። ከየት እንደመጣ የሚናገር ግን አንድ መስመር የለም። ቀረጡ ስንት ነው? ቅጣቱስ ስንት እጥፍ ነው? ከ1,350ው ለማን ስንት ደረሰ? ወረቀቱ ዝም ይላል።

እውነቱን ለመናገር፣ እኔ ለብዙ ዓመታት አክስቴን ፍጹም የተበደለች አድርጌ አስባት ነበር። እናቴን ስጠይቃት ግን «ሸሽጋለች እንጂ! እኔው ነኝ ጆንያውን የሰፋሁላት» አለችኝ። እንግዲህ ጥፋት ነበረ። ጥፋቱ የሁለት ጣቃና የስድስት ጫማ ነበር፤ ፍርሃቱ ግን የጆንያዎቹ ሁሉ። የከፈለችው ለጥፋቷ ይሁን ለፍርሃቷ መለየት አቃተኝ። ይህን ጽሑፍ ያስጻፈኝም ይኸው ነው።

ዕርቅ ከመንግሥት ጋር

አክስቴ «ታረቅሁ» ስትል ሳታውቀው የሕግ ቋንቋ እየተናገረች ነበር። የጉምሩክን ጥፋት ያለ ፍርድ ቤት ሙግት በስምምነትና በክፍያ መጨረስ በዓለም ላይ የቆየ ሥርዓት ነው። ፈረንሳዮች «ትራንዛክሲዮን» ይሉታል፤ በጉምሩክ ሕጋቸውም በአንቀጽ 350 ቦታ ሰጥተውታል። የእንግሊዝንና የሕንድን የጉምሩክ ሕግ የገለጠም ይኸንኑ በሌላ ስም ያገኘዋል። የዓለም የጉምሩክ መሥሪያ ቤቶች የሚመሩበት የኪዮቶ ስምምነት፣ እ.ኤ.አ. በ1999 ተሻሽሎ ሲወጣ ስለ ጉምሩክ ጥፋቶች ብቻ የሚናገር ክፍል አለው፤ በዚያም ቀላል ጥፋት በተገኘበት መሥሪያ ቤት እዚያው ሊያልቅ የሚችል ቢሆን መልካም እንደሆነ ይመክራል።

ለምን አስፈለገ ቢሉ ምክንያቱ ግልጽ ነው። ነጋዴ ጊዜው ገንዘቡ ነው። ዕቃው በመጋዘን ሲቆይ ፋሽኑ ያልፋል፣ ዋጋው ይወርዳል፣ የሚበላሽ ከሆነም ይበላሻል። መንግሥትም ቢሆን በእያንዳንዱ ጣቃ ጨርቅ ዓቃቤ ሕግ ቢያቆም፣ ዳኛ ቢያስቀምጥ፣ ምስክር ቢያመላልስ ወጪው ከቀረጡ ይበልጣል። ስለዚህ ሁለቱም ከሙግት ዕርቅ ይሻላል ይላሉ። ይህ ከእኛም ባህል የራቀ አይደለም።

ነገር ግን ዕርቅ የራሱ ጠባይ አለው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በአንቀጽ 3307 ስለዚህ ዓይነቱ ውል ሲደነግግ መሠረት ያደረገው አንድ ነገር ነው፤ ሁለቱም ወገኖች ከየያዙት ጥቂት ጥቂት ይለቃሉ። አንዱ ብቻ የሚለቅበት ዕርቅ አይባልም። በአገራችን ሽምግልናም ሽማግሌው ከካሣው ድርሻ አይቆረጥለትም፤ ቢቆረጥለት ኖሮ ካሣው በየዓመቱ ማደጉ አይቀርም ነበር። እንግዲህ የአክስቴ ጥያቄ እዚህ ላይ ይወድቃል። በኬላው ዕርቅ ከሳሹ መንግሥት ነው፤ አስታራቂውም መንግሥት ነው፤ ካሣውን ቆራጩም እሱው ነው። ታዲያ ቁጥሩን የሚያወጣው ሰው ከቁጥሩ የሚደርሰው ነገር ካለ ምን ይከተላል?

ይህን ጥያቄ ይዤ መጻሕፍት ሳገላብጥ መልሱን ከሁሉ አብልጦ የነገረኝ የአሜሪካ ጉምሩክ ታሪክ ሆነ። አሜሪካ ከሌላው ዓለም የባሰች ሆና አይደለም። ነገሩ ሲበላሽ የሕዝብ እንደራሴዎቿ አደባባይ አውጥተው ስለመረመሩት፣ የእያንዳንዱ ሰው ድርሻ እስከ ሳንቲሙ ድረስ ተጽፎ ስለቀረ ነው።

የመርከበኛው አቤቱታ

አዲሲቱ አሜሪካ ሥራ ስትጀምር አብዛኛውን ገቢዋን ያገኘችው ከጉምሩክ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1789 በሐምሌ ወር የቀረጡ ታሪፍ ወጣ፤ በዚያው ወር መጨረሻ ደግሞ የአሰባሰቡ ሕግ ተከተለ። በዚህ ሕግ መሠረት ሳይገለጽ የገባ ዕቃ ይወረሳል። ከተወረሰው ዕቃ ሽያጭ ግማሹ ለመንግሥት ይገባል፤ ሌላው ግማሽ በወደቡ ላይ ለሚሠሩት ለሦስቱ ሹማምንት እኩል ይከፋፈላል። ጠቋሚ ካለ ከዚሁ ከሁለተኛው ግማሽ እኩሌታው የእሱ ነው። አንባቢ ይህን አከፋፈል በልቡ ያዝ ያድርግልኝ፤ ወደ በኋላ እንመለስበታለን።

ሕጉ ከወጣ ስድስት ወር ሳይሞላው አንድ አቤቱታ ለኮንግረሱ ቀረበ። አቤት ባዩ ክሪስቶፈር ሳድለር ይባላል፤ በእንግሊዝ ግዛት ከነበረችው ከኖቫ ስኮሺያ የመጣ መርከበኛ ነው። መርከቡና ጭነቱ በቦስተን ወደብ የአሜሪካን የቀረጥ ሕግ ተላልፈሃል ተብለው ተይዘውበታል። እሱ ግን እንዲህ ያለ ሕግ መኖሩን ከቶ አላወቅሁም ይላል። ጉዳዩ ለገንዘብ ሚኒስትሩ ለአሌክሳንደር ሐሚልተን ተመራ።

ሐሚልተን የነጋዴን ኑሮ ከመጽሐፍ ብቻ የሚያውቅ ሰው አልነበረም። በልጅነቱ በካሪቢያን ባሕር በሳንታ ክሩዝ ደሴት በአንድ የንግድ ቤት ጸሐፊ ሆኖ የዕቃ ዝርዝርና የመርከብ ደብተር ሲጽፍ ያደገ ነው። እ.ኤ.አ. በጥር 1790 ባቀረበው ዘገባ የሳድለርን ጉዳይ የአንድ መርከበኛ ጉዳይ ብቻ አድርጎ አልተወውም። ሕግ ሲጠብቅ ባለማወቅ የሚወድቁበት ሰዎች መኖራቸው አይቀርምና፣ ቅጣትን የማቃለል ወይም ጨርሶ የመማር ሥልጣን በሕግ ይቋቋም የሚል ሐሳብ አቀረበ። በዚያው ዓመት በግንቦት 26 ቀን ሕጉ ወጣ።

የዚህ ሕግ አሠራር ልብ ሊባል የሚገባው ነው። ዕቃው የተያዘበት ሰው ለአካባቢው የፌዴራል ዳኛ አቤት ይላል። ዳኛው ባጭር ሥነ ሥርዓት ነገሩን ይመረምራል፤ የያዙትም ሹማምንት ቀርበው እንዲናገሩ ይደረጋል። ዳኛው ያገኘውን እውነት ጽፎ ለገንዘብ ሚኒስትሩ ይልካል። ሚኒስትሩም ተንኮል ወይም ሆነ ተብሎ የተደረገ ቸልተኝነት እንዳልነበረ ካመነ ቅጣቱን ያቃልላል፣ ወይም ይምራል። እንግዲህ እውነቱን የሚያጣራው አንድ፣ ቁጥሩን የሚወስነው ሌላ፣ ዕቃውን የያዘው ደግሞ ሦስተኛ ሰው ነው። ቁጥሩን የሚወስነው ሰው ከቁጥሩ ምንም አይደርሰውም።

ይህ የኬላ ዕርቅ መልካም ገጹ ነው። ደግነቱ ከሰዎቹ ጠባይ ብቻ የመጣ አልነበረም፤ ሥልጣኑ ለሦስት በመከፈሉ ነው። ነገር ግን ሕጉ የሹማምንቱን ድርሻ አልነካውም። ያ ግማሽ እንደተቀመጠ ቀረ። ሰማንያ ዓመት አድፍጦ ቆየ ማለት ይቻላል።

271,017 ዶላር ከ23 ሳንቲም

የእርስ በርስ ጦርነቱ አሜሪካን ገንዘብ ጨረሰባት። ታሪፉ ከፍ አለ፤ ታሪፍ ከፍ ሲል ደግሞ ሽሽግ ይበዛል። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 1863 በገቢ ላይ የሚደረገውን ማጭበርበር የሚቀጣ አዲስ ሕግ ወጣ። ሕጉ ሁለት ታላላቅ ነገሮችን ይዞ መጣ። አንደኛው፣ በጥርጣሬ የነጋዴው ደብተርና ወረቀት በዳኛ ትእዛዝ ከቤቱ ተለቅሞ እንዲወሰድ ፈቀደ። ሁለተኛው፣ መንግሥት የሚጠይቀውን ዕዳ ወይም ቅጣት የገንዘብ ሚኒስትሩ በዕርቅ እንዲጨርስ ሥልጣን ሰጠ። ከዚህ ላይ የቆየው የግማሽ ድርሻ ሲጨመርበት ምን እንደተፈጠረ በአንድ የንግድ ቤት ታሪክ እንየው።

ፌልፕስ ዶጅ በኒው ዮርክ የታወቀ የብረታ ብረት አስመጪ ነበር። ቆርቆሮ፣ እርሳስና መዳብ ከእንግሊዝ ያስመጣል። ታላቁ ባለድርሻ ዊልያም ዶጅ የኒው ዮርክ ንግድ ምክር ቤት ፕሬዚዳንት የነበረ፣ በሃይማኖተኛነቱና በምጽዋቱ የሚታወቅ ሽማግሌ ነው። እ.ኤ.አ. በ1872 መጨረሻ ጄይን የሚባል የገንዘብ ሚኒስቴር ልዩ መርማሪ፣ ከድርጅቱ ከተባረረ አንድ ጸሐፊ ባገኘው መረጃ ተነሥቶ ነጋዴዎቹን ጠራቸው። በአንዳንድ የዕቃ ዝርዝሮቻቸው ላይ የተጻፈው ዋጋ ሕጉ ከሚጠይቀው ያነሰ እንደሆነ ነገራቸው። ደብተራቸው ተወሰደ።

በሌላ ጊዜ ቢሆን ነገሩ የሒሳብ ክርክር ነበር። በቀረጥ ረገድ መንግሥት ያጣው ገንዘብ በብዙ ዓመታት ተደማምሮ ወደ 1,600 ዶላር ገደማ ነው። ሕጉ ግን ክፉ ጠባይ ነበረው። በአንድ የዕቃ ዝርዝር ላይ አንዲት መስመር ከተሳሳተች፣ የሚወረሰው ያ መስመር ብቻ አይደለም፤ ዝርዝሩ በሙሉ ነው። እንከን የተገኘባቸው ዝርዝሮች ሁሉ ዋጋቸው ሲደመር 1.75 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ደረሰ። የ1,600 ዶላር ስሕተት የ1.75 ሚሊዮን ዶላር ፍርሃት ወለደ። ሁለት ጣቃና ስድስት ጥንድ ጫማ የአክስቴን ጆንያዎች ሁሉ እንዳስያዙ ማለት ነው።

ከዚያ ዕርቅ ቀረበ። ነጋዴዎቹ ዝርዝሩን በሙሉ ሳይሆን፣ ዋጋቸው አንሶ ተጽፏል የተባሉትን ዕቃዎች ግምት ብቻ ቢከፍሉ ነገሩ ያልቃል ተባለ። ያም 271,017 ዶላር ከ23 ሳንቲም ነበር። ስማቸው በጋዜጣ እንዳይጎድፍ፣ ንግዳቸውም በክስ እንዳይታሰር ፈርተው እ.ኤ.አ. በ1873 ከፈሉ። የከፈሉት ከጎደለው ቀረጥ መቶ ስድሳ እጥፍ በላይ ነው።

አሁን ወደ ቀደመው አከፋፈል እንመለስ። ወጪው ከተነሣ በኋላ ግማሹ ለመንግሥት ገባ። ከቀረው ግማሽ እኩሌታው፣ ማለትም 65,718 ዶላር፣ በጠቋሚው ድርሻ ስም በመርማሪው በጄይን እጅ ገባ። የተረፈውን ሦስቱ የወደቡ ሹማምንት ተካፈሉት፤ ለእያንዳንዳቸው 21,906 ዶላር ደረሳቸው። ከሦስቱ አንዱ የኒው ዮርክ ጉምሩክ ሹም የነበረው ቼስተር አርተር ነው። ጄይን ብቻውን የያዘው መንግሥት ከነጭራሹ አጣሁ ካለው ቀረጥ አርባ እጥፍ ይሆናል።

ልብ በሉ፤ ከእነዚህ ሰዎች አንዱም ሌብነት ሠርቷል ማለት አይቻልም። እያንዳንዱ ሳንቲም በሕግ የተፈቀደ ነበር። ከባዱ ነገር ይኸው ነው። በእኛ አገር «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚለው ተረት በሕግ አንቀጽ ተጽፎ ቢወጣ ይህን ይመስል ነበር። መርማሪው ነጋዴውን ለመክሰስ ሳይሆን ለማስታረቅ ይቸኩላል፤ ክስ ረጅም ነው፣ ዳኛም ነጻ ሊል ይችላል፤ ዕርቅ ግን ፈጣን ነው፣ ድርሻውም ወዲያው ይደርሳል። ንጹሑና ጥፋተኛው በአንድ በር ገብተው በአንድ ዋጋ ይወጣሉ። እንዲያውም ይበልጥ የሚከፍለው ስሙን የሚወድ ሰው ነው። አይኑን በጨው ያጠበ ኮንትሮባንዲስት «ክሰሱኝ» ይላል፤ የሚፈራው ጨዋው ነው።

ነገሩ አደባባይ ሲወጣ የነጋዴው ቁጣ ነደደ። ዶጅ ራሱ ለኮንግረስ ኮሚቴ ቀርቦ ሁኔታውን አስረዳ። የሹማምንቱን ድርሻ የሚደግፉ ሰዎችም ዝም አላሉም፤ ወሮታ ካልተከፈለ ማን ሽሽግ ይጠቁማል፣ በትንሽ ደመወዝ ማን ሌሊት ወደብ ይጠብቃል አሉ። ክርክራቸው ባዶ አልነበረም። እንደራሴዎቹ ግን እ.ኤ.አ. በሰኔ 22 ቀን 1874 አዲስ ሕግ አወጡ። ሹማምንቱ ከቅጣት የሚያገኙት ድርሻ ቀረ። ዕቃ ለመውረስ ስሕተት ብቻ አይበቃም፣ የማጭበርበር ሐሳብ መኖሩ ለብቻው ይረጋገጥ ተባለ። ውርሱም ሙሉ ዝርዝሩን መሆኑ ቀርቶ የተበላሸው ዕቃ የተገኘበትን ሣጥን ወይም እሽግ ብቻ ሆነ። በዓመት እስከ 50,000 ዶላር ያገኝ የነበረው የአርተር ገቢም ወደ 12,000 ዶላር ቁርጥ ደመወዝ ወረደ።

ከ12 ዓመት በኋላ ደግሞ ሌላ ነገር ተከተለ። ቦይድ የሚባሉ ነጋዴዎች ያስመጡት 35 ሣጥን የመስታወት ጭነት ተይዞ፣ ከዚያ በፊት ስላስመጡት 29 ሣጥን የሚናገረውን የዕቃ ዝርዝር አምጡ ተብለው ተገደዱ። ጉዳዩ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰ። ፍርድ ቤቱ እ.ኤ.አ. በ1886 ሰውን በገዛ ወረቀቱ ራሱ ላይ እንዲመሰክር ማስገደድ ሕገ መንግሥቱን ይጥሳል ብሎ ፈረደ። ስለ መስታወት የተነሣ ሙግት የግለሰብ ቤትና ወረቀት መከበር ትልቅ ምሰሶ ሆኖ ዛሬም ይጠቀሳል። አርተር ደግሞ ታሪክ ምን ያህል ቀልደኛ እንደሆነች ያሳየናል። እ.ኤ.አ. በ1881 ፕሬዚዳንት ጋርፊልድ ሲሞት ምክትሉ አርተር ፕሬዚዳንት ሆነ፤ በጥር 1883ም የመንግሥት ሠራተኛ በዝምድና ሳይሆን በፈተና ይቀጠር የሚለውን ሕግ የፈረመው እሱ ነው።

ወደ አገራችን ስንመለስ

«ይህ ሁሉ የሩቅ አገር ወሬ ነው» የሚል አንባቢ ይኖራል። ነገር ግን ቁጥሩን የሚያወጣው ሰው ከቁጥሩ የሚካፈልበት ሥርዓት ለእኛ እንግዳ አይደለም። ነጋድራስ የሚለውን ማዕረግ እናስታውስ። ትርጉሙ የነጋዴዎች ራስ ነው፤ ሲራራ ነጋዴን የሚመራ ሰው ነበር። ኋላ ግን ነጋድራሱ የኬላ ቀረጥ ሰብሳቢ ሆነ። በብዙ ቦታ ኬላው እንደ እርሻ በኮንትራት ይያዝ ነበር፤ ያዡ ለመንግሥት የተወሰነውን ይከፍላል፣ ከዚያ በላይ የሚገኘው የራሱ ነው። እንዲህ ያለ ሰው ነጋዴ ጨርቅ ሲሸሽግ ቢይዝ ምን ያህል ያስከፍለዋል? ልኩ የነጋዴው ጥፋት ሳይሆን የነጋዴው አቅም ይሆናል።

በጥር 1900 ዓ.ም. ዳግማዊ ምኒልክ ከፈረንሳይ ጋር የተዋዋሉት፣ በተደራዳሪው በክሎቡኮቭስኪ ስም የሚጠራው ውል የገቢ ዕቃን ቀረጥ ከመቶ 10 ላይ ወሰነው። ይህ ውል በሌላ በኩል የውጭ ዜጎችን በቆንስሎቻቸው ሥር እንዲዳኙ በማድረጉ ብዙ የተወቀሰ ነው። ለእኛ ርእስ የሚጠቅመን ግን፣ በወደብ በኩል ለሚመጣው ዕቃ ቁጥሩ አስቀድሞ የታወቀ መሆኑ ነው። ከዚያ በፊት በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ የደረሰው ባቡር በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲገባ፣ ጉምሩክ የአገሪቱ ትልቅ የገቢ በር ሆነ። በድሬዳዋ ጉምሩክ ላይ የተሾመው ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝም በ1911 ዓ.ም. በወጣትነቱ ከሞተ በኋላ፣ በ1916 ዓ.ም. በታተመው «መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር» በተባለው መጽሐፉ ስለ አገር ሀብትና ስለ መንግሥት ገቢ የጻፈውን ያነበበ ሁሉ፣ ኬላ ላይ ቆሞ ዓይኑን ገልጦ የተመለከተ ሰው እንደነበር ይረዳል። ነጋድራስ ተብሎ ተሹሞ የነጋድራስነትን ሥርዓት የመረመረ ሰው ነበር።

እንግዲህ ድሬዳዋና አዲስ አበባን ያገናኘው ያ ሐዲድ፣ ከብዙ አሥርት ዓመታት በኋላ አክስቴን ከነጆንያዎቿ ያመላለሳት ነው። በመካከሉ መንግሥታት ተለዋወጡ፤ አዋጆች ወጡ፣ ተሻሩ። የኬላው ጥያቄ ግን አልተለወጠም።

ቁጥሩን ማን አወጣው?

ይህ ጥያቄ የአንዲት ጨርቅ ነጋዴ ቅሬታ ብቻ መስሎ ይታይ ነበር። አሁን ግን ዓለም አቀፍ ውል ሆኗል። የዓለም ንግድ ድርጅት አባላት እ.ኤ.አ. በ2013 በባሊ የተስማሙበት፣ በየካቲት 2017 ሥራ ላይ የዋለው የንግድ ማሳለጫ ስምምነት በስድስተኛው አንቀጹ ስለ ጉምሩክ ቅጣት ይናገራል። ቅጣት የሚጣለው ለጥፋቱ ተጠያቂ በሆነው ሰው ላይ ብቻ ይሁን፤ ልኩ ከጥፋቱ ክብደት ጋር ይመጣጠን፤ ቅጣቱን በሚወስኑትና በሚሰበስቡት ዘንድ የጥቅም ግጭት እንዳይኖር ይደረግ፤ ቅጣቱ ከልክ በላይ እንዲወሰን የሚገፋፋ ነገርም አይኑር፤ የጥፋቱ ዓይነትና ቅጣቱ የተመሠረተበት ሕግ ለተቀጪው በጽሑፍ ይሰጠው፤ ጥፋቱ ሳይደረስበት ራሱ ለገለጸ ሰው ይህ እንደ ማቃለያ ይታይለት ይላል። አገራችን የዚህ ድርጅት አባል ለመሆን ማመልከቻዋን ያስገባችው እ.ኤ.አ. በ2003 ነው።

እኔ ሳነበው ይህ አንቀጽ ከአክስቴ ቆርቆሮ የወጣ መሰለኝ። የሳድለር አቤቱታም፣ የዶጅ 271,017 ዶላርም፣ የቦይድ መስታወትም በውስጡ አለ።

ለጠቋሚ ወሮታ መስጠት ጨርሶ ይቅር የምል ሰው አይደለሁም። አሜሪካም ብትሆን ዛሬ ለጠቋሚ ከተገኘው እስከ ሩብ፣ ቢበዛ እስከ 250,000 ዶላር ትከፍላለች። ልዩነቱ፣ የሚያስታርቀው ባለሥልጣን ራሱ ተካፋይ አለመሆኑ ነው። ኬላ ላይ ዕርቅ ይቅር የምልም አይደለሁም። ሁሉ ነገር ፍርድ ቤት ይሂድ ማለት፣ የትንሽ ነጋዴን ጆንያ ለዓመት መጋዘን ማስቀመጥ ማለት ነው፤ ይህ ደግሞ ከቅጣት ይብሳል። የምለው አንድ ነገር ብቻ ነው። ዕርቅ የሚሆነው ቁጥሩ ሲታይ ነው። ቀረጡ ይህን ያህል፣ ቅጣቱ ይህን ያህል፣ ሕጉ ይህ፣ ያልተነካው ዕቃሽ ይኸውልሽ ተብሎ ሲነገር ነው። ያ ካልሆነ ስሙ ዕርቅ፣ ምግባሩ ግን ሌላ ነው።

ነጋዴውም ቢሆን ከዚህ ትምህርት አያመልጥም። ጆንያውን የሰፋችው እናቴ ነች፤ የሸሸገችው አክስቴ ነች። ቀረጥ የሁላችንም ትምህርት ቤትና መንገድ ነው። ሸሽጎ የሚያሳልፍ ሰው ከመንግሥት ብቻ አይወስድም፤ አጠገቡ ተሰልፎ ቀረጡን ከከፈለው ነጋዴም ይወስዳል። ይህን አክስቴም ታውቀው ነበር። ለዚህ ነው ክፍያውን አንድም ቀን ስታማርር ያልሰማናት። ያማረራት አለመነገሯ ነው።

ከአርባዋ በኋላ ዘመዶቼ ቆርቆሮውን ሊጥሉት ሲሉ ወረቀቱን ለመንኳቸው። አሁን ከጽሕፈት ጠረጴዛዬ መሳቢያ ውስጥ ነው። አንዳንድ ማታ አወጣና ያችን የአውራ ጣት አሻራ አያለሁ። ቀለሙ ደብዝዟል። 1,350 የሚለው ቁጥር ግን እንዳለ ነው፤ ከላዩም ከሥሩም ምንም አልተጻፈም።